ባለዋንጫዎቹ የወደቁበት የድሬዳዋ ምድብ፦ የ1968ቱ የሞሮኮ ቡድን ጉዳይ

በ1968 ዓ.ም. የካቲት 21 አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጀመረ። ስምንት ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፈሉ። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ኡጋንዳ አዲስ አበባ ቀሩ። ሌላው ምድብ ለእኛ ደረሰን። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ድሬዳዋ ስታዲየም ላይ ተገናኙ።

ስም ይቆጠር ከተባለ የሚያልፉት ዛየርና ሱዳን ነበሩ። ዛየር ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ወስዳለች። በፈረንጆቹ 1968 (ከእኛው 1968 ጋር እንዳይምታታ፤ የእኛው በእነሱ 1976 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም የእነሱ ናቸው) የመጀመሪያውን የወሰደችው እንዲያውም እዚሁ ኢትዮጵያ መጥታ ነው። ሁለተኛውን በ1974 ግብፅ ላይ ደገመችው። ስለዚህ ድሬ የገባችው የወቅቱ ሻምፒዮን ሆና ነው። ሱዳንም በ1970 ካርቱም ላይ፣ በገዛ ሜዳዋ ዋንጫ አንስታለች። ናይጄሪያና ሞሮኮ ግን ያኔ አንድም አልነበራቸውም።

ምድቡ ሲያልቅ ነገሩ ተገለበጠ። ሞሮኮ በ5 ነጥብ አንደኛ፣ ናይጄሪያ በ4 ሁለተኛ። ሱዳን 2 ነጥብ ይዛ ቀረች። ሻምፒዮኗ ዛየር በ1 ነጥብ መጨረሻ ሆነች። ያኔ ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር የሚያስገኘው። ውድድሩ በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ፣ መጋቢት 5፣ ሞሮኮ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሳች።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ስለ ቡድን መንፈስ ሲወራ ከተማችን አንድ መልስ ብቻ ነው ያላት። «ልጆቹ ይዋደዱ እንጂ ሌላው ይመጣል» ይባላል። ሳቢያን ሰፈር ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን አንድ የማውቀው ሰው አለ። ተከላካይ መስመሩ በተበተነ ቁጥር ልጆቹን ሰብስቦ ምሳ ይጋብዛል። ይበላል፣ ይሳቃል፣ ፎቶ ይነሳል። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ በግራ በኩል ታልፋለች። የመሐል ተከላካዩ እጁን ይዘረጋል። የመስመር ተከላካዩም እጁን ይዘረጋል። «ያንተ ነው አቦ!» «ኧረ ያንተ ነው!» እስኪባባሉ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ልጆቹ አልተጣሉም እኮ። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ባጃጅ ላይ ተጠጋግተው ነው ወደ ሰፈር የሚመለሱት። የጎደለው ማን የትኛዋን ኳስ እንደሚከተል ማወቅ ነው።

የስፖርት ሥነ ልቦና ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተው ነው የሚያዩት። ካናዳዊው አልበርት ካሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 የቡድን ኅብረትን የሚለካ 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ ለሥራው አንድ መሆንን ለብቻ፣ ለጓደኝነቱ አንድ መሆንን ለብቻ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ግባችን ምንድነው፣ እንዴት ነው የምንደርስበት፣ የማን ድርሻ ምንድነው በሚለው ላይ መስማማት ነው። ሁለተኛው መዋደድ፣ አብሮ መብላት፣ ከሜዳ ውጭም መፈላለግ ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ ያለ ሌላውም ሊኖር ይችላል። የሳቢያኖቹ ልጆች ሁለተኛው ሞልቶ የተረፋቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሞሮኮ። ድሬ የመጣው ቡድን ምን ዓይነት እንደነበር ለማየት አራት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሞሮኮ በአፍሪካ ዋንጫ መጀመሪያ የታየችው በ1972 ካሜሩን ላይ ነው። ሦስት ጨዋታ ተጫወተች፤ ሦስቱንም 1 ለ 1 ወጣች። ሦስቱንም ጎል ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፣ አሕመድ ፋራስ። ከኮንጎ ብራዛቪል ጋር በነጥብም በጎል ልዩነትም እኩል ሆኑና በዕጣ ተሸንፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጎል ለማግባት አንድ ሰው ብቻ የሚጠብቅ ቡድን ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ባይኖር አንድም ጎል አይኖራትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ለ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ ሞሮኮ፣ ዛየርና ዛምቢያ ቀሩ። ኪንሻሳ ላይ ዛየር ሞሮኮን 3 ለ 0 አሸነፈች። ሞሮኮዎች በዳኝነቱ ተናደዱ፤ አቤቱታቸውም አልተሰማም። የመልሱን ጨዋታ አንጫወትም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ዛየር ወደ ጀርመን ሄደች። ሞሮኮ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ላይም አልታየችም። አንድ ነገር ልጨምር። ዛየርን ወደ ዓለም ዋንጫ የወሰደው ዩጎዝላቪያዊው ብላጎዬ ቪዲኒች ነው። ይኸው ሰው ከአራት ዓመት በፊት በ1970ው የዓለም ዋንጫ ሞሮኮን ያሠለጠነ ነው። ቂሙ ላይ ቅመም ተጨመረበት ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ የተደለደለው ምድብ ሞሮኮንና ዛየርን ፊት ለፊት አገናኘ። ከውጭ የመጣ በደል ቡድንን ያሰባስባል። ይህን ማንም የሰፈር ተጫዋች ያውቀዋል፤ የሌላ ሰፈር ልጆች «እናንተማ» ያሉ ቀን ተከላካዩ ሁለት እጥፍ ይሮጣል። ግን ንዴት ለአንድ ጨዋታ እንጂ ለስድስት ጨዋታ አይበቃም። ሞሮኮ ደግሞ ዋንጫውን ለማንሳት የተጫወተችው ስድስት ጨዋታ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥሩ አልነበረም። ከሱዳን ጋር 2 ለ 2 ወጣች። በዚያው ዙር ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 ደቆሰቻት። ሻምፒዮኗ በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ጎል ስትቆጠርባት ምድቡ ክፍት መሆኑ ለሁሉም ታየ። በሁለተኛው ጨዋታ ሞሮኮ ዛየርን አገኘቻት። 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሏን ያገባው ዛህራዊ ነው። ሒሳቡ በሰፊው አልተወራረደም፤ አንዲት ጎል ብቻ ናት፤ ግን በቃች። ለእኔ ከዚህ ምድብ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ጨዋታ ነው። በቂም የገባ ቡድን ብዙ ጊዜ ወይ አምስት ያገባል ወይ ተበታትኖ ሦስት ይቆጠርበታል። በአንድ ጎል አሸንፎ፣ ጎል ሳይቆጠርበት የወጣ ቡድን ሥራውን የሚያውቅ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ምድቡን መራች።

ዛየር ጋ ያለው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያ ቡድን የአፍሪካ ኩራት ነበር። በ1974 መጋቢት ዋንጫ ሲያነሳ ንዳዬ ሙላምባ ብቻውን ዘጠኝ ጎል አስቆጠረ። በሰኔ ወር ጀርመን ላይ ከስኮትላንድ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ ቃል የተገባላቸው ገንዘብ እንደማይሰጣቸው አወቁ። የቀጣዩን ጨዋታ አንጫወትም እስከማለት እንደደረሱ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ገቡ፤ በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ተሸነፉ። ብራዚልም 3 ለ 0 አከለችባቸው። እነዚያ ልጆች ጓደኝነት አልጎደላቸውም። አንጫወትም ያሉትም እኮ አንድ ላይ ሆነው ነው። የተሰበረው በእነሱና በላያቸው ባሉት ሰዎች መካከል የነበረው ውል ነው። ውል የፈረሰበት ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ለራሱ ማሰብ ይጀምራል። ማን ይፈርድበታል? ድሬ ላይ የታየው ዛየር ስሙ እንጂ ጉልበቱ አብሮት አልመጣም። ሦስት ጨዋታ፣ ሁለት ሽንፈት፣ ከሱዳን ጋር አንድ አቻ።

ከምድቡ በኋላ ያለፉት ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በዚህ መሐል ሞሮኮዎች የማይረሱት ነገር ገጠማቸው። ከድሬዳዋ የተነሳው አውሮፕላናቸው አንዱ ሞተሩ በእሳት ተያያዘ። አብራሪዎቹ በሰላም አሳረፉት። አምበሉ ፋራስ ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ዋንጫ ሲጠየቅ የሚያነሳው ይህንን ነው። ስለ ቡድን መንፈስ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኙ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ሞትን አብረው አይተው አንድ ሆኑ ብሎ መጨረስ ቀላል ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ሞሮኮ ዛየርንና ናይጄሪያን ያሸነፈችው አውሮፕላኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ድንጋጤ አንድ የነበረውን ያጠብቃል እንጂ የተበተነውን አይሰበስብም። የተበተነ ቡድን እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያስበው ቤቱን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከታች የወጣ ሯጭ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ይቆረጣል። ጊኒና ግብፅ ሲጀመርም እዚያው ስለነበሩ ለምደውታል። ሞሮኮና ናይጄሪያ ግን ከእኛ ሙቀት ተነስተው በቀጥታ ወደ ብርዱና ወደ ቀጭኑ አየር ገቡ።

የዚያ ዓመት ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ የለውም። ያለፉት አራቱ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ዋንጫውን ይወስዳል። ይህ አሠራር ለአንድ ቀን ጀግና አይመችም። ሦስቱንም ጨዋታ ሳይዘናጋ የሚጨርስን ነው የሚሸልመው።

ሞሮኮ ግብፅን 2 ለ 1 አሸነፈች። ማሸነፊያዋ ጎል የገባችው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው፤ አሁንም በዛህራዊ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ መጀመሪያ ተመራች። ከዚያ ፋራስ አቻ አደረገ፤ ጌዛር ጨመረ፤ 2 ለ 1። እነዚህም ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎሎች ናቸው። አየሩን ያልለመደ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው መሞት ያለበት። ሞሮኮ ግን እዚያ ሰዓት ላይ ነበር የምትነሳው።

መጋቢት 5 የመጨረሻው ቀን ነው። ሞሮኮ 4 ነጥብ፣ ጊኒ 3። ለሞሮኮ አቻ ይበቃታል፤ ጊኒ ማሸነፍ አለባት። በ33ኛው ደቂቃ የጊኒው ሸሪፍ ሱለይማን አገባ። በዚያ ውጤት ዋንጫው የጊኒ ነው። ዘጠና ደቂቃው እያለቀ ነው። በ86ኛው ደቂቃ አሕመድ ማክሩህ፣ «ባባ» የሚሉት፣ አቻ አደረገ። 1 ለ 1 አለቀ። የሮማንያዊው አሠልጣኝ የቨርጂል ማርዳሬስኩ ቡድን ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

የጎሎቹን ባለቤቶች ልብ በሉልኝ። በ1972 ሦስት ጎል፣ አንድ ሰው። እዚህ ግን በስድስት ጨዋታ 11 ጎል፣ ወሳኞቹም በየተራ የዛህራዊ፣ የፋራስ፣ የጌዛር፣ የባባ ናቸው። ፋራስ አልጠፋም። እንዲያውም የዚያ ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመትም የአፍሪካ ኮከብ ነበር። ልዩነቱ እሱ ሲያዝ ሌላው ምን እንደሚሠራ ማወቁ ነው። ኮከብ ያለው ቡድን ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ኮከቡ ትሑት ሆኖ ሁሉንም ቢወድ እንኳ ሌሎቹ «እሱ ያግባ» ብለው ከቆሙ ጥቅም የለውም።

ይህ መቆም ድሮ ተለክቷል። ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎተተ። ውጤቱን ያሳተመው በ1913 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት ያለውን ሁሉ ያወጣል። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ከአቅሙ ግማሹን ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት አለመናበብ ነው፤ ሁሉም እኩል ሰዓት አይስብም። ሁለተኛው መዘናጋት ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሙከራውን የደገሙ ሰዎች አንድ ብልሃት ጨመሩ። ከኋላው ሌሎች እየጎተቱ እንደሆነ ሰውየው እንዲያስብ አደረጉ፤ እነሱ ግን ገመዱን እያስመሰሉ ብቻ ነበር የያዙት። ሰውየው ብቻውን እየጎተተ ጉልበቱን ቀነሰ። ማንም አልከለከለውም፣ ማንንም አልጠላም። የእሱ ድርሻ ለብቻው እንደማይታይ ስለገመተ ብቻ ነው። የተጫዋቹ ድርሻ ተለይቶ ሲነገረውና ሲታይለት ይህ ይቀንሳል። የሳቢያኑ አሠልጣኝ ምሳውን ሳይተው ይህንን ቢጨምርበት ብዬ ነግሬዋለሁ። «አንተ ደግሞ መጽሐፍ ታበዛለህ» አለኝ።

መዋደድ የግድ አለመሆኑን በደንብ ያሳየው ጀርመናዊው ሃንስ ሌንክ ነው። ሌንክ ሮም ኦሊምፒክ ላይ በስምንት ሰው የጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ካገኙት አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ያው የ1960 ኦሊምፒክ መሆኑ ነው። በኋላ የፍልስፍና ሰው ሆነና ስለዚያ ጀልባ ጻፈ። ውስጡ ጭቅጭቅ ነበር፤ ቀዛፊዎቹ በቡድን ተከፋፍለው ነበር። ግን ወርቁን አገኙ። ቀዘፋ ላይ የእያንዳንዱ ሥራ አንድ ዓይነትና ግልጽ ስለሆነ ጭቅጭቁ መቅዘፊያው ላይ አይደርስም። እግር ኳስ ከዚያ ይከብዳል፤ ኳሷን ለማን እንደምትሰጥ ትመርጣለህ። ያኮረፍከውን ልጅ እያየኸው ታልፈዋለህ። ስለዚህ ፀቡን ችላ በሉት ማለቴ አይደለም።

አሁን ለእኔ ሐሳብ የማይመቸውን ላንሳ። ጊኒ። የዚያን ጊዜ የጊኒ ብሔራዊ ቡድን የጀርባ አጥንት አንድ ክለብ ነው፣ ሃፊያ ኮናክሪ። ሃፊያ በ1972 የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮን ሆኗል። በ1975 ደገመው፤ በ1977 ሠለሰ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚለማመዱ፣ እርስ በርስ አይናቸውን ጨፍነው የሚተዋወቁ ናቸው። በሥራም በጓደኝነትም ከሞሮኮ የላቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋንጫውን ያጡት በአራት ደቂቃ ነው። ባባ ያቺን ኳስ ቢስት ኖሮ ይህን ጽሑፍ ስለ ጊኒ እጽፈው ነበር፤ ብዙው ነገርም እንዳለ ይሠራ ነበር። ኅብረት ያለው ቡድን የግድ ያሸንፋል ማለት አይቻልም። የሚያሸንፍበትን ዕድል አስፍቶ እስከ 86ኛው ደቂቃ ያደርሰዋል፤ የቀረውን ኳስ ይወስናል።

ሌላም አለ። ኅብረት ድልን ያመጣል ስንል ነገሩ በግልባጩም ይሄዳል። በ1994 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ያዩ ተመራማሪዎች ድል ኅብረትን የሚያመጣበት መንገድ ኅብረት ድልን ከሚያመጣበት የጠነከረ መሆኑን አገኙ። ውጤትን ከፍ የሚያደርገውም ለሥራው መሰጠት እንጂ መዋደድ አለመሆኑን ያው ጥናት ጽፏል። ሞሮኮ ከሱዳን ጋር 2 ለ 2 ወጥታ፣ ሁለተኛውን ብትሸነፍ ኖሮ ያ አንድነት የት ይደርስ ነበር? ዛየርን ማሸነፏ ራሱ ቡድኑን ሠርቶታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንድ አሠልጣኝ ልጆቹ ቶሎ አንድ እንዲሆኑ ከፈለገ የሚያሸንፉት የመጀመሪያ ግጥሚያ ቢፈልግላቸው ይሻላል። ከጠንካራው ጋር ጀምረው በአምስት ጎል ከተመለሱ በኋላ የሚጠራው ስብሰባ ብዙም አይፈይድም።

ሞሮኮ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ጋና ላይ ሻምፒዮን ሆና ቀረበች። ፋራስም ነበረ። ኡጋንዳ 3 ለ 0 አሸነፈቻት፤ ከምድቧም ሳታልፍ ቀረች። ድሬዳዋ ላይ ዛየር የደረሰባት ነው የደረሰባት። የቡድን ስምምነት ከአንድ ውድድር ወደ ሌላው አይቆይም። ለአዲሱ ልጅ ድርሻውን እንደ አዲስ መንገር ያስፈልጋል፤ የቀድሞው ኮከብ ሦስት ዓመት ሲያረጅ ደግሞ የእሱንም ድርሻ እንደገና መከፋፈል ያስፈልጋል። ብዙ ባለዋንጫ ቡድን ይህን የሚያደርገው ከወደቀ በኋላ ነው።